አፍስሶ መልቀም በአቴንስ

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ፤ እኔም ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ልነግራችሁ ያሰብኩት ጠጠር ተሸክሜ አውቶቡስ ላይ የደረሰብኝን ነው። ግን ጠጠሩ ለምን እንዳስፈለገኝ ሳታውቁ ብገባበት «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» ማለታችሁ አይቀርም። ስለዚህ ቡናው እስኪፈላ መጀመሪያ አበባውን ላስተዋውቃችሁ።

ካምፓኑላ ይባላል፤ የደወል አበባ ነው። ሰማያዊ አለው፣ ሐምራዊ አለው፣ ነጭም አይጠፋም። ዘመዱ ብዙ ነው፤ ከ400 በላይ ዓይነት ይቆጠርለታል። ከዚህ ሁሉ መሀል እኔን የያዘኝ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅለው ነው፤ አፈር ሞልቶ ተርፎ ሳለ ገደል የሚመርጠው። ክሮኤሽያ ውስጥ ዳልማቲያ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ከኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ይወጣል። ደቡብ ጣሊያን ጋርጋኖ ተራራ ላይም እንዲሁ። ቱርክ ውስጥ ደግሞ ኤፌሶን ፍርስራሽ ላይ፣ አዎ ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ያቺው ኤፌሶን፣ ቅጠሉ ጸጉራም የሆነ አንድ ዓይነት ከወደቀው ግንብ መሀል ይበቅላል። ወደ ግሪክ ስትመጡማ ደሴቱም ተራራውም የየራሱ አለው። እኛም አገር ዘመድ አላጣም፤ ደጋችን ላይ የሚበቅለውን ካምፓኑላ ኤዱሊስን ስም ያወጣለት ፎርስኮል የሚባል የዕፅዋት ሊቁ የሊኒየስ ተማሪ ነው። ዕፅዋት ሊሰበስብ የመን ድረስ ሄዶ በ1763 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ) በወባ ሞተ። የሰበሰበውን የያዘው መጽሐፍ የታተመው በ1775 ነው፣ እሱ ሳያየው። የዚህ ሰው ነገር በተነሳ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ይቅር፣ ከጠጠሩ እየራቅሁ ነው።

አቴንስ ውስጥ ሥራዬ አንዲት አሮጊት መንከባከብ ነው። ኪሪያ እላቸዋለሁ፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። ቤታቸው ከሂሜቶስ ተራራ ግርጌ ነው፤ ከጓሮው ዳገት ላይ ሟች ባለቤታቸው የሠሩት የድንጋይ አትክልት ቦታ አለ። የድንጋይ አትክልት ቦታ ስላችሁ ድንጋይ ከምሮ መሀሉ ላይ አበባ መሰካት እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ያወቁበት ነበሩ። እያንዳንዱን ድንጋይ ከግማሽ በላይ ቀብረውታል። አናቱን ወደ ዳገቱ ዘንበል አድርገውታል፣ ዝናቡ በፊት ለፊት ተንሸራቶ እንዳያመልጥ፣ ወደ ኋላ ወርዶ ሥር እንዲደርስ። በመሀል ያለውን ስንጥቅ በሻካራ አሸዋ፣ በጠጠርና በጥቂት አፈር ሞልተውታል። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን ቦታውን ሣር ወርሶት ነበር። ኪሪያ በመስኮት እያዩ «ደወሎቹን ሳላይ አልሞትም» ይላሉ። ሰው እንዲህ ሲለኝ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከተራራው ነቅሎ ማምጣት ክልክል ነው። ግሪክ የዱር ዕፅዋቷን የምትጠብቅበት ድንጋጌ በ1981 ወጥቷል። ድንጋጌው ባይኖርም ገደል ላይ ያደገ ተክል ሥሩ ይበጠሳል እንጂ ተነቅሎ አይወጣም። ስለዚህ ከዘር ጀመርን። ጎረቤታችን ያሉ አንድ ጡረተኛ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ዘሩ እንደ ሱረት ነው፤ ካስነጠሳችሁ አለቀ። አፈር አይለብስም፣ ምክንያቱም ብርሃን ካላየ አይበቅልም። ላዩ ላይ ብን አድርጋችሁ ትተዉታላችሁ። ከላይ ውሃ ብታፈሱበት ታጥቦ ስለሚሄድም ዕቃውን ውሃ በያዘ ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ ከታች እንዲጠጣ ታደርጋላችሁ። ኪሪያ ቀን ቀን መነጽራቸውን አድርገው ሳህኑ ላይ ያጎነብሱ ነበር፤ የመጀመሪያዋን አረንጓዴ ነጥብ ያዩትም እሳቸው ናቸው።

ስለ ዝናብ ካላወራሁ ነገሩ አይገባም። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አቴንስ ቢዘንብ 400 ያህል ነው፤ እሱም የሚመጣው በብርዱ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት። እኛ አገር ሰማዩ ዝቅ ብሎ ሜዳው በሚለመልምበት በሐምሌና በነሐሴ፣ እዚህ ጠብታ የለም ማለት ይቻላል። በ2023 ሐምሌ ላይ ከሙቀቱ የተነሳ አክሮፖሊስን እንኳ እኩለ ቀን ላይ ለጎብኚ ዘግተውት ነበር። ይህ አበባ ያንን በጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያልፈዋል። ድርቅ ይችላል ሲባል ታዲያ ሰው ውሃ የማይፈልግ ይመስለዋል። ይፈልጋል እንጂ! የሚፈልገው ግን ከላይ አይደለም። በሐምሌ እጃችሁን ድንጋዩ ላይ ብታሳርፉ ይፈጃችኋል፤ ያንኑ ድንጋይ ፈንቅላችሁ ብታዩት ከሥሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሥሩ ያችን እርጥበት እየተከተለ በስንጥቁ ይወርዳል። ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ሆኖ እግሩ ጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው። የሚገድለው ሌላ ነገር ነው፤ ውሃ አንገቱ ላይ ሲቆም። አንገቱ የምለው ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። በብርዱ ወራት እዚያ ላይ ረጥቦ ከሰነበተ ይበሰብሳል። በሐምሌ ሙቀት «ጠማው» ብሎ የሚያጠጣው ሰውም ያው ያበሰብሰዋል። መላው በአንገቱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሣንቲ ሜትር ጠጠር ማልበስ ነው።

ይኸው ጠጠሩ ጋ ደረስን።

ጥቅምት ገባ፤ ችግኙ ደረሰ። በጥቅምት የተተከለ የብርዱን ዝናብ እየጠጣ ሥሩን ሰድዶ በጋውን ይጠብቃል፣ ብርዱ ካለፈ በኋላ የተተከለ ግን ገና ሳይደላደል ሙቀቱ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ጊዜ የለንም። ነጭ ጠጠር በከረጢት ይሸጣል፣ ግን እኔ ለድንጋይ ገንዘብ የማወጣ ሰው አይደለሁም። አቴንስ ውስጥ በመቃብር ቦታ አጠገብ እብነ በረድ የሚጠርቡ ሰዎች አሉ፤ ፍርፋሪው ከደጃቸው ተቆልሎ ይውላል። እብነ በረድ ከኖራ ድንጋይ የተለወጠ ስለሆነ አበባው አይጠላውም። አንድ ማዳበሪያ አጥፌ፣ ጥቁር ሻሽ አስሬ ወጣሁ። ሻሹ ጥቁር የሆነው ሌላው ታጥቦ ስላልደረቀ ነው፤ ይህቺን ያዙልኝ። መንገዴን በገበያው በኩል አድርጌ በማሰሮ ያለች አንድ የዳልማቲያ ካምፓኑላም ገዛሁ፤ አበባው አልቆ ቅጠል ብቻ ስለቀረ በርካሽ ነው የሰጡኝ።

ጠራቢው ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት የነጣ ጎልማሳ ነው። «ትንሽ ጠጠር ፈልጌ ነበር» አልኩት። ሻሼን አየ፣ ማዳበሪያዬን አየ፤ መዶሻውን አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። «ዞኢ ሴ ሳስ» አለኝ። ግሪኮች ሰው የሞተበትን የሚያጽናኑበት ነው፤ ለእናንተ ዕድሜ ይስጣችሁ እንደማለት። እዚህ አገር መቃብር ላይ ነጭ ጠጠር የሚያለብሱ አሉ፤ ለዚያ የመጣሁ መስሎታል። «አይደለም፣ ለአበባ ነው» አልኩት። «አዎ፣ ለአበባው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አበባው እንዳይሞት ነው» ብለው ጭራሽ ባሰበት። ግሪክኛዬ ገበያና ፋርማሲ ያደርሰኛል እንጂ ውሉ የጠፋ ነገር አይፈታም። ማዳበሪያውን ከእጄ ወስዶ በአካፋ ይሞላ ጀመር። «ይበቃል» ስለው «ለዚህ አይሰሰትም» እያለ ይጨምራል። ቦርሳዬን ስከፍት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቢ አለኝ። እንዲህ ሆኜ፣ ሐዘንተኛ ተብዬ፣ ከሃያ ኪሎ በላይ ድንጋይ ታቅፌ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሄድኩ። (በኋላ ሄጄ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ አልተቀየመኝም። አሁን የሱቁ በር ላይ አንድ ማሰሮ ካምፓኑላ አለው።)

አውቶቡሱ ከመቃብሩ ደጅ የሚነሱ ሰዎችን ጭኗል። ጥቁር የለበሱ አሮጊቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ። ማዳበሪያውን በእግሮቼ መሀል አቁሜ ማሰሮዋን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ማዳበሪያው በጋውን ሙሉ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲበላው የከረመ ነው። የማዳበሪያ ክር ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ይደርቃል፤ ላዩን ብታዩት ደህና ነው፣ ሸክም ሲያርፍበት ግን ብትንትን ይላል። ሾፌሩ መብራት ላይ ፍሬን ሲይዝ ከሥር ተተረተረ።

የእብነ በረድ ጠጠር በብረት ወለል ላይ ሲሮጥ የሚያወጣውን ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰማሁ፤ መላው አውቶቡስም ሰማ። መጀመሪያ ግልብጥ ብሎ ወደ ሾፌሩ ሄደ። አረንጓዴ በርቶ አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጀምር ደግሞ ከፊት እስከ ኋላ ተመልሶ መጣ፣ በየወንበሩ ሥር እየተሹለከለከ። አንዱ የአንዲት ሴትዮ ነጠላ ጫማ ውስጥ ገባ። አንዱ የሕፃን ጋሪ ጎማ ሥር ተቀረቀረ። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ በሩ ተከፈተና መዘጋት እንቢ አለ፤ አንድ ስባሪ የበሩ መንሸራተቻ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። በሩ ካልተዘጋ አውቶቡሱ አይነሳም። ሾፌሩ ወንበሩን ትቶ መጣና ወለሉን ሲያይ «ፓናጊያ ሙ!» አለ። እኔ በበኩሌ «እመቤቴ ማርያም!» ብያለሁ፤ ሁለታችንም የጠራነው አንዷን ነው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ እናቶቻችን። ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ፤ ማሰሮዋን አጠገቤ ያሉት ጥቁር የለበሱ አሮጊት ተቀበሉኝ። ተንበርክኬ ሳለሁ ታዲያ ከኋላ አንዲት ሴት ጠጠሩንና ሻሼን አይታ «ዞኢ ሴ ሳስ» አለች። አጠገቧ ያለው ሰው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም። ቀና ብዬ ላስረዳ ስል አንዱ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል፣ ሌላዋ መሐረብ ትሰጠኛለች፣ ሾፌሩም መስቀል አማተበ። ፊቴ በእፍረት ሲቀላ እነሱ ዕንባ የተናነቀኝ መሰላቸው። እውነቱን ልንገራችሁ? ማልቀሱም መጥቶ ነበር። ካገሩ የወጣ ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲያጽናኑት፣ ማንም ባይሞትበትም፣ የሚያለቅስበት ነገር አያጣም።

በዚህ መሀል ከኋላ በር በኩል «እማማ፣ ይነሱ፣ እኔ ልልቀምልዎ!» የሚል አማርኛ ሰማሁ። ጆሮው ላይ የሰካውን ነቅሎ የመጣ ወጣት ነው፤ ስጮህ ሰምቶኝ ኖሯል። እማማ! ሃምሳዬን ገና አልደፈንኩም። እትዬ ቢለኝ ምን ነበር? የዚያን ቀን ከሆነው ሁሉ ጉልበቴ የተላጠው አልፏል፣ እማማዋ ግን እስካሁን አለች። ልጁ ያን ሁሉ አላወቀም። አጎንብሶ አንዷን ስባሪ በጣቱ አገላበጠና «ድንጋይ ነው እንዴ? እኔ ጨው መስሎኝ ነበር» አለ። «ለአበባ ነው፣ ልጄ» አልኩት። ልጄ ያልኩት ራሴ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እማማ ምን አፍ አለኝ?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን በዓይኔ አየሁት። ሽማግሌው በከዘራቸው ከወንበር ሥር ይጠርጋሉ፣ ልጆቹ ማን የበለጠ እንደለቀመ እየቆጠሩ ይፎካከራሉ፣ አንዷ ልጅ የምሳ ዕቃዋን ባዶ አድርጋ ሞላችው። ወጣቱ የጀርባ ቦርሳውን ከፍቶ ያስገባል። ከሁሉ ከባዱ የእነዚያ ሰዎች ደግነት ነበር፤ አንዲት ጠጠር እንኳ ስትቀር «ይህቺም የሟች ናት» እያሉ ያመጡልኛል።

አሮጊቷ ግን ማሰሮዋን ይዘው ዝም ብለዋል። በግርግሩ አንድ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ነጭ ወተት አንጠባጥቧል፤ የደወል አበባ ሲሰበር ወተት ያወጣል። ጣታቸውን ነከሩበትና አዩት፣ ቅጠሏን አገላበጡ። «ካምፓኑላ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። የከፋሎኒያ ደሴት ልጅ ናቸው። እዚያ ለደሴቲቱ የራሷ የሆነ፣ ከጋርጋኖው የሚዛመድ አንድ ዓይነት አለ። ያባታቸው ቤት ግንብ ላይ ይበቅል እንደነበር ነገሩኝ፣ በ1953 የመሬት መንቀጥቀጥ ግንቡ እስኪወድቅ ድረስ። «በሚቀጥለው ዓመት ከፍርስራሹ ላይ አበበ፤ እናቴ ድንጋዩን ሲያነሱ ያቺን ጥግ አታንሱ አለች» አሉ። ከዚያ ጠጠሩን አዩ፣ ሻሼን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። ዞረው በታላቅ ድምፅ «ማንም አልሞተም! ጠጠሩ ለካምፓኑላ ነው!» ብለው ለአውቶቡሱ አወጁ።

አውቶቡሱ ጸጥ አለ። መሐረብ የሰጠችኝ ሴት መሐረቧን አየች። ሾፌሩ በቁልፉ ጫፍ ከበሩ ውስጥ ሲጎረጉር የነበረውን ስባሪ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠ፤ «ለአበባ?» አለኝ። «ለአበባ» አልኩት። ሄዶ መንዳቱን ቀጠለ። እስክወርድ ድረስ ያለው መንገድ እንዴት ረዝሞ እንደነበር! ሰው ሁሉ በመስኮት ያያል፣ እኔ ማሰሮዋን አያለሁ፣ አሮጊቷ ብቻ ስለ እናታቸው ማውራታቸውን አልተዉም።

ወጣቱ ቦርሳውን ተሸክሞ ቤት ድረስ አደረሰኝ። የደሴ ልጅ ነው። ኪሪያ ቡናና የብርቱካን ልጣጭ ጣፋጭ አቀረቡለት፤ እሱም እጅጌውን ሰብስቦ አብሮኝ ተከለ። ችግኙን በጎኑ አስተኝተን ስንጥቁ ውስጥ አስገባነው፣ ሥሩን ወደ ውስጥ ዘረጋነው፣ በትናንሽ ድንጋይ ወተፍነው፣ ከዚያ አንገቱን ጠጠሩን አለበስነው። የዳልማቲያዋን ፀሐይ የሚቀልበት ጥግ ሰጠናት፤ እሷ ከግሪኮቹ ይልቅ ጥላ ትወዳለች። ቀንድ አውጣ ስለሚወዳቸው ማታ ማታ ባትሪ ይዤ በእጄ እለቅማለሁ፣ መልቀም ለምዶብኝ የለ።

የግሪክ ገደል ካምፓኑላዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ድንጋዩ ላይ ተዘርግተው ቅጠል ብቻ ያበጃሉ፣ በሁለተኛው ያብባሉ፣ ዘራቸውን በትነው ይሞታሉ። ኪሪያ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ እኔ ሁለት ዓመት ልጠብቅ ነው?» አሉ። ጠበቁ። ግንቦት ላይ ሲያብብ ወንበራቸውን ደጅ አወጣሁላቸውና አንዱን ደወል በጣቴ ቀና አድርጌ ውስጡን አሳየኋቸው። አበባው ገና ሳይከፈት ወንዴው ክፍል ዱቄቱን መሀል ባለችው ዘንግ ጸጉር ላይ ለጥፎ ይጠወልጋል። ንብ መጥታ ያንን ከወሰደች በኋላ ነው የዘንጓ ጫፍ ተሰንጥቆ ከሌላ አበባ የመጣውን የሚቀበለው። ወደ ማታ ደግሞ ቀጫጭን ጥቋቁር ንቦች ይመጣሉ፤ ወንዶቹ ናቸው። ጎጆ ስለሌላቸው ደወሉ ውስጥ ገብተው፣ ዘንጓን ተጠግተው እዚያው ያድራሉ። ኪሪያ ይህን ካዩ ወዲህ ከመሸ በኋላ በዚያ በኩል በር መዝጋት በቀስታ ነው።

ያበቡት በበጋው ሞቱ፤ ዘራቸውን ግን ዘርተዋል። ዘንድሮ ችግኙ እኔ ከተከልኩበት ይልቅ ያልተከልኩበት ቦታ በርክቷል፤ በተለይ የኩሽናው ደረጃ ስንጥቅ ሁሉ በሱ ተሞልቷል። ኪሪያ ደረጃው እንዳይጠረግ ከልክለዋል። ልጆቻቸው እሑድ ሲመጡ «ደረጃው ምነው እንዲህ ሆነ?» ብለው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፣ እኔም በጣቴ ወደ እናታቸው አመለክታለሁ።